ጠዋት ጠዋት የሚረግፍ እሾህ፦ ከደብረ ብርሃን የአንድ አኳሪየም ጉዳይ ጥናት

ኅዳር 4 ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ጋሼ ስልክ ደወሉልኝ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ መርዶ ነውና ልቤ ዘለለ። «ረገፈ» አሉኝ። «ምኑ?» አልኩ። «እሾሁ። የጥቁሩ የባሕር ጃርት። አሸዋው ላይ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ፤ ከድንጋዩ ኋላ ያለውን አላየሁም።»

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አሰብ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ሆነው ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ፤ ባሕሩ ግን ከልባቸው አልወጣም። ጡረታ ሲወጡ ዱባይ የምትኖረው ልጃቸው ምን እንደምትልክላቸው ብትጠይቃቸው ካፖርት አላሉም፣ ቴሌቪዥን አላሉም፤ ለአኳሪየም የሚሆን የባሕር ጨው አሏት። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጋግራት ከተማ፣ ሳሎናቸው ጥግ ላይ 300 ሊትር ባሕር ሠሩ። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የሰው ባል በግ ያረባል፤ የእኔው ጨው ውሃ ያረባል» ይላሉ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የባሕር ጃርትን፣ ያንን በእሾህ የተሸፈነ ድብልብል የባሕር እንስሳ፣ ለዓመታት በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ፤ በሕይወት ያየሁት ግን ጋሼ ቤት ነው። ስለዚህ የቤቱ ሐኪም ተደርጌ ተሾምኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ውሃውን እመረምራለሁ፣ በደብተር እጽፋለሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። ደብተሩ ከሚያኮራኝ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ገጽ ይበልጣል።

ሦስቱ ጃርቶች

የመጡት በመስከረም መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ የጌጥ ዓሣ ነጋዴ ተገዝተው፣ በውሃ በተሞላ ፌስታልና በቡሽ ሣጥን 130 ኪሎ ሜትሩን በመኪና ተጉዘው ደረሱ። ሁለቱ ጥቁርና ረጃጅም እሾህ ያላቸው ናቸው፤ የሳይንስ ስማቸው ዲያዴማ ሴቶሰም ይባላል፤ በቀይ ባሕርም የሚኖር ዝርያ ነው። ጋሼ አሰብ ሳሉ እግራቸው ውስጥ ገብቶ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ያስወጡት የእሱን እሾህ እንደሆነ ይምላሉ። ሦስተኛው ትሪፕኒውስቴስ ግራቲላ ነው፤ እሾሁ አጭር፣ ሰውነቱ እንደ ብርቱካን ድብልብል ያለ።

ይህ ሦስተኛው በቤቱ ውስጥ «ባለቆቡ» ተብሎ ይጠራል። የዚህ ዝርያ ጃርቶች ያገኙትን ነገር በቱቦ እግሮቻቸው እያነሡ ራሳቸው ላይ የመከመር ልማድ አላቸው፤ አንዱ ምክንያት ብርሃን ለመከለል ነው ይባላል። ባሕር ውስጥ ቢሆን ቅርፊትና ስባሪ ድንጋይ ይለብሳል። ጋሼ ቤት ግን የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ሰማያዊ ክዳን አገኘና አናቱ ላይ ደፋው። እንደዚያ ሆኖ በመስታወቱ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ያየ ሰው ሳይስቅ አያልፍም።

ጥቁሮቹ ደግሞ ሌላ ትርዒት አላቸው። እጅህን በአኳሪየሙ ላይ ቀስ አድርገህ ብታሳልፍ፣ ጥላው ያረፈበት በኩል ያለው እሾህ ሁሉ ወደ እጅህ ይዞራል። ዓይን የሚባል ነገር ሳይኖራቸው ቆዳቸው በጠቅላላ ብርሃንን ይለያል። ይህን ነገር የጠቀስኩት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ጃርት እንደ ዓሣ አፉን ከፍቶ አየር አይለምን፣ እንደ ዶሮ አይጮኽ፣ መታመሙ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ለጥላ መልስ መስጠት ሲያቆም፣ መስታወቱን ይዞ መቆየት ሲያቅተው፣ ሲገለበጥ ተመልሶ ለመቃናት ሲዘገይ። እሾህ መርገፍ የመጨረሻው ነው።

የአመጋገቡን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ነጋዴው «ምንም አትስጧቸው፣ ድንጋዩን ይልሳሉ» ብሎ ነበር፤ ስሕተት ነው። ባለ 300 ሊትር አኳሪየም የሚያበቅለው አልጌ ሦስት ጃርት አይመግብም። ጋሼ አዲስ አበባ ከሚገኙ ሱፐር ማርኬቶች የሚሸጠውን የደረቀ የባሕር አልጌ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ በፈላ ውሃ ለቀቅ የተደረገ የአበሻ ጎመን በድንጋይ ሥር ሸጉጠው ይሰጡ ነበር። ጎመኑን የሚፍቁት አፋቸው ሥር ባሉ አምስት ጥርሶች ነው። ይህን የጥርስ ማቀፊያ አርስቶትል ከፋኖስ ጋር አመሳስሎት ስለነበር እስከ ዛሬ የአርስቶትል ፋኖስ ይባላል። ጋሼ ስነግራቸው፣ የገጠሩን ባለ መስታወት ፋኖስ አስበው «ልክ ነው፤ ብርጭቆውን አውልቀህ ሽቦውን ብቻ ብታየው» አሉኝ። ከእኔ ሥዕል ይልቅ የእሳቸው ገለጻ ይቀርባል።

ተጠርጣሪዎች

ኅዳር 4 ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄድኩ። በደብተሬ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ ጨዋማነት 35 ግራም በሊትር ገደማ፣ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት 10፣ ካልሲየም 420 ሚሊግራም በሊትር፣ የካርቦኔት ጥንካሬ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) 8 ዲግሪ፣ ፒኤች (ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) 8.1። ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ ይመስላል። ውሃው ምንም የለበትም፤ እሾህ ግን ይረግፋል።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንደኛው «ጨዉ የፈረንጅ ስለሆነ ነው፤ ከአፋር አሞሌ ያስመጡ፣ እሱም የባሕር ጨው አይደለም እንዴ?» አሉ። አነጋገሩ አያስቅም፤ የዳናክል ጨው በእርግጥም በጥንት ዘመን ገብቶ የተነነ የቀይ ባሕር ውሃ ትራፊ ነው። ችግሩ የባሕር ውሃ ሲተን ጨዎቹ አብረው አለመርጋታቸው ነው። ካልሲየም የያዘው ጂፕሰም አስቀድሞ ይረጋል፤ ቀጥሎ የወጡ ጨው ይረጋል፤ ማግኒዚየሙ እስከ መጨረሻው ድረስ በቀረው ውሃ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አሞሌ ለወጥና ለከብት እንጂ ለጃርት አይሆንም፤ ጃርት ቅርፊቱንም እሾሁንም የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔትና ከጥቂት ማግኒዚየም ነው። አሞሌው ቀረ።

እኔ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ጣሪያውን ነበር። የበጋ ነፋስ ደረቅ ነው፤ ከአኳሪየሙ በቀን ሦስት አራት ሊትር ይተናል። ጨው አይተንምና የሚተካው ጨው የሌለበት ውሃ መሆን አለበት፤ ይህን ጋሼ በደንብ ያውቃሉ። የሚተኩት ግን በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በበርሜል ባጠራቀሙት የዝናብ ውሃ ነበር። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክና መዳብ ለዓሣ ቀላል በሆነ መጠን እንኳ ጃርትን ይገድላሉ። «አገኘሁት!» ብዬ በርሜሉን አስደፋሁ፤ 60 ሊትር ውሃ ቀየርን፤ በተጣራ ውሃ መተካት ጀመርን። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ጣሪያው ጥፋተኛ ከሆነ ለምን እስከ ኅዳር ጠበቀ?» መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ደግሞ ሰባት እሾህ ወደቀ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የጋሼ ነበር፤ በሽታ። በ2023 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የዚህ የጥቁሩ ዝርያ ጃርቶች በገፍ መሞታቸውን በሬዲዮ ሰምተው ነበር። እውነት ነው። ከዚያም በፊት፣ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ1983 በካሪቢያን የዲያዴማ ጃርቶች ከዘጠና ከመቶ በላይ አልቀዋል፤ በ2022 በዚያው ባሕር ለተመለሰው እልቂት በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ምክንያት መሆኑ ታውቋል። ነገር ግን ያ በሽታ በቀናት ውስጥ ይጨርሳል፤ የሚመርጠውም ዲያዴማንና የቅርብ ዘመዶቹን ነው። የእኛው ቀስ ብሎ ነው የሚረግፈው፤ ኅዳር 9 ቀን ደግሞ ዘመድ ያልሆነው ባለቆቡ ቆቡን ጣለ። ሰማያዊዋ ክዳን አሸዋ ላይ ተገልብጣ ተገኘች። ጋሼ መልሰው አናቱ ላይ ቢያደርጉለትም አልያዛትም። ውሃው ውስጥ እንዳለ በቀስታ ገልብጬ ሰዓት ያዝኩለት፤ በጥቅምት ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚቃናው እንስሳ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት።

ሦስተኛውን ጥርጣሬ በኩራት ነበር ያቀረብኩት፦ ከፍታው። በ2,800 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 ከመቶ ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ የባሕር ውሃ አሰብ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ሲይዝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ምንም ያህል አረፋ ቢነፋበት 4.7 ገደማ ላይ ይቆማል። ያም ማለት የጋሼ ባሕር ከመጀመሪያው ትንፋሹ አጭር ነው፤ ፓምፑ ለአንድ ሌሊት ቢቆም መጠባበቂያ የለውም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን እንደ በርሜሉ ሁሉ ለጋሼ ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ ከተማዋ በመስከረምም እዚያው ከፍታ ላይ ነበረች።

አንድ ሌሊት ሳሎን ውስጥ

ኅዳር 12 ቀን የኅዳር ሚካኤል ነው። ጋሼ ማኅበር ስላለባቸው ሄድኩ፤ መሸብኝና አደርኩ። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ቤት ሳድር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሥራ እንጂ እንግድነት አልነበረም የያዝኩት፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ ለክቼ እመለስ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ማታ በሦስት ሰዓት እትዬ ቡና አፈሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናው ካበቃ በኋላ ማንደጃው ከሳሎን ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ጋሼ ተነሥተው ሁለት እፍኝ ከሰል ጨመሩበትና ወደ አኳሪየሙ አስጠጉት። ከዚያ በመስኮቱ ክፈፍ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጠቀጠቁ፤ በበሩ ሥር ዝተት አነጠፉ። እሳቸው ደግሞ ሶፋው ላይ ባና ለብሰው ጋደም አሉ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እንዳይበርዳቸው ነዋ! በጥቅምት መጨረሻ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ውሃው እስከ ሃያ ሁለት ዲግሪ ወርዶ አላደረም እንዴ? ከዚያ ወዲህ በማንደጃ ነው የማሳድራቸው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ከሰሉ ለቤቱ ነው እንጂ ለውሃው አይደለም። አንተ የምትጠይቀኝ ስለ ውሃው ነው።»

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ራሴን ከበደኝ፤ ጠላው ነው ብዬ አለፍኩት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቼ ፒኤች መለኪያውን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። 7.6። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ በመፈተሻ ፈሳሹ አስተካክዬ ደገምኩ። 7.6።

ከሰዓት በኋላ 8.1፣ ማለዳ 7.6። በማንኛውም አኳሪየም ፒኤች ሌሊት ጥቂት ይወርዳል፤ ብርሃን ሲጠፋ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውሰድ ያቆማል፤ መተንፈሱን ግን አያቆምም። ሁለት ወይም ሦስት አሥረኛ ቢወርድ አይገርምም። ግማሽ ነጥብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አሲዱ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የካርቦኔቱ ጥንካሬ ደግሞ እዚያው 8 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከውሃው የጎደለ ነገር የለም፤ ወደ ውሃው የገባ ነገር አለ። ከፍታውን እንዳልከስስ ሒሳቡ ይከለክለኛል፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አብሮ ስለሚሳሳ፣ የደብረ ብርሃን ንጹሕ አየር ፒኤችን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም።

ሁለት ብርጭቆ ከአኳሪየሙ ቀዳሁ። አንዱን ሳሎን ውስጥ ማንደጃው አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ሌላውን በረንዳ ላይ አወጣሁ፤ ውጭው ውርጭ ስለነበር ብርጭቆውን ለብ ባለ ውሃ በተሞላ ሳሕን ውስጥ አቆምኩት፣ ሙቀቱ ካልተመሳሰለ ንጽጽሩ ዋጋ የለውምና። በሁለቱም ውስጥ አረፋ የሚያወጣ ትንሽ ድንጋይ ከተን በፓምፕ አየር ነፋንባቸው። ጋሼ ባናቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ቆሙ፤ እትዬ «ለብርጭቆ ውሃ ዘብ ቆመው!» እያሉ ከኩሽና ይጮኻሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሳሎኑ ብርጭቆ 7.6 እንዳለ ነው። የበረንዳው 8.1።

ጋሼ ሁለቱን ቁጥሮች ለረጅም ጊዜ አዩ። «ያው ውሃ ነው?» አሉ። ያው ውሃ ነው። የተለየው የተነፋበት አየር ነው።

የሆነው ይህ ነው። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ አየር ከሳሎኑ እየሳበ ውሃው ውስጥ ይነፋል። መስኮቱም በሩም የተደፈነ ሳሎን ውስጥ ከሰል ሲነድ ያደረ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የታጨቀበት ነው፤ እኛ ለኦክሲጅን ብለን ያስገባነው ፓምፕ ያንን አየር ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ውስጥ ሲያራግፍ ያድራል። ጃርት ደግሞ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ከአሲድ የሚጠብቅበት አቅሙ ደካማ ነው፤ የውጭው ውሃ ሲቀየር የውስጡም አብሮ ይቀየራል። በዚያ ላይ በዚህ ከፍታ ኦክሲጅኑ ጠባብ ነው፤ ያን ማለዳ ስለካው 4 ሚሊግራም ነበር። ከሰሉ ብቻውን ይህን ሁሉ አደረገ አልልም፤ በጥቅምቱ ቅዝቃዜ የተጎዳ፣ ትንፋሹ የጠበበ እንስሳ ላይ በየሌሊቱ ለስድስትና ለሰባት ሰዓት ያህል አሲድ ተጨመረበት። ጠዋት በር ሲከፈት ውሃው ይድናል፣ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ 8.1 ብዬ እጽፋለሁ። እሾህ በረገፈ ቁጥር ደግሞ ጋሼ «በረዳቸው» ብለው ከሰል ይጨምራሉ።

የጋሼ ራስ ምታት

ስለ ውሃው እያወራሁ ሳለሁ እትዬ ዳማከሴ ጨምቀው ለጋሼ አመጡ። «ምን ሆነው ነው?» አልኩ። «ምች ነው፤ ከጥቅምት ወዲህ ማለዳ ማለዳ ራሱን ያመዋል፤ ረፈድ ሲል ይተወዋል» አሉኝ። ዳማከሴውን ሲያሹት የነበረው ሽታ እስከ አሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

እጄ ቀዘቀዘ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አያወጣም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያወጣል፤ ይህ ሽታም ቀለምም የለው፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ፣ ሰው «አሁን ጠራ» ብሎ ወደ ቤት ሲያስገባው እንኳ እየወጣ ነው። በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ማለዳ የሚነሣና ንጹሕ አየር ላይ የሚተው ራስ ምታት የሱ ምልክት ነው። እሾህ መርገፍ ከጀመረ ወዲህ ጋሼ መኝታ ቤታቸውን ትተው ሳሎን፣ ከማንደጃው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር የሚያድሩት፤ ጃርቶቹን ሊጠብቁ። መርማሪው እኔ ለአሥር ቀን ዚንክ፣ ማግኒዚየም፣ ጥገኛ እያልኩ ስቆጥር ጎኔ ያለውን ሰው አልጠየቅኩም።

ለጋሼ በዚህ መልክ አልነገርኳቸውም። «ማንደጃው ጃርቶቹን እየገደለ ነው» አልኳቸው። ለራሳቸው ቢሆን አያወጡትም ነበር። ለጃርቶቹ ሲሆን ወዲያው ብድግ አድርገው አወጡት። ለእትዬ ግን ኩሽና ገብቼ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አማተቡና ዳማከሴውን ደፉት።

ማስተካከያው

ከጥቁሮቹ አንዱ ኅዳር 13 ከሰዓት በኋላ ሞተ። እሾሁ ሁሉ እንደ ረገበ ድንኳን ምሶሶ ወድቆ፣ አፉ አካባቢ ያለው ቆዳ ላልቶ ነበር። የሞተ ጃርት በፍጥነት ይበሰብሳል፤ ወዲያው አውጥተን ሌላ 60 ሊትር ቀየርን። ጋሼ ቅርፊቱን አጥበው አደረቁት፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸው አጠገብ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ሥራው ብዙ አልነበረም። ፓምፑን በክዳን በሚዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አስገብተን፣ ከሣጥኑ የጎማ ቱቦ አውጥተን በመስኮቱ ክፈፍ በሰረሰርነው ቀዳዳ ወደ ውጭ አዘለቅነው፤ ጫፉ ላይ ነፍሳት እንዳይገቡ ወንፊት አሰርንበት። አሁን የሚነፋው የውጭ አየር ነው። ቀዝቃዛ ነው፤ ማሞቂያው ከቀድሞው ይበልጥ ይሠራል፤ የመብራት ሒሳቡም ያንን ያሳያል። የመስኮቱን የላይኛውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተውነው። መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ለይተን ተነጋገርን፦ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ተገዛ፤ አኳሪየሙ በሦስት ጎኑና በክዳኑ ላይ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይጠቀለላል፤ ኩሽና ውስጥ የሞቀ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ በደንብ ተከድኖ፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ሸዋ ሮቢት ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር፤ ጋሼ ግን «ሸዋ ሮቢት ሞቃት ነው እንጂ ዘመድ የለኝም» ይላሉ።

ከሁሉ ያስቸገረው ቡናው ነበር። እትዬ «ቡና ኩሽና ውስጥ ተፈልቶ በትሪ ይመጣል? የሆቴል ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ረከቦቱ ሳሎን እንዲቆይ፣ ማንደጃው በረንዳ ላይ እንዲሆን፣ ጀበናው እንዲመላለስ ተስማማን። ለሦስት ስኒ ቡና ስድስት ጊዜ በር ይከፈታል። ለፒኤቹ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ለእትዬ አልነገርኳቸውም።

መለኪያውን ለጋሼ ተውኩላቸው፤ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራሳቸው ይለካሉ፤ ከሰዓት በኋላ የተለካ ቁጥር ከእንግዲህ አልቀበልም አልኳቸው። ኅዳር 14፣ 7.8። ኅዳር 17፣ 7.9። ኅዳር 20፣ 7.95። ከኅዳር 16 ወዲህ የወደቀ እሾህ የለም። ራስ ምታቱ በሦስተኛው ቀን ተወ፤ ጋሼ የሚካኤል ጠበል ነው ይላሉ፤ አልተከራከርኩም።

የረገፈ እሾህ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሥሩ ያለችው ጉጥ ካልሞተች። በታኅሣሥ አጋማሽ በቀረው ጥቁር ላይ፣ በራ በነበረው ጎኑ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ግራጫ ጫፎች ብቅ ብቅ አሉ። ጥላ ሲያርፍባቸው እነሱም ከረጃጅሞቹ ጋር አብረው ይዞራሉ፤ ገና የሚደርሱበት ነገር የለም፣ ግን ይዞራሉ። በአንድ በኩል አሁንም የሳንቲም ስፋት ያለው መላጣ አለ። ባለቆቡን በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ገልብጬ ለካሁት፤ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። በሳምንቱ ጋሼ ደወሉ፤ በዚህ ጊዜ ረፋድ ላይ ነበር። ሰላምታም አላስቀደሙ፤ «ደፋት» ብቻ አሉኝ።

አሁን ሦስተኛ ጃርት ይገዛ አይገዛ በሚል ክርክር ላይ ነን። እኔ እስከ ሰኔ ይቆይ እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ጋሼ ማኅበር ሄደው አልነበሩም። እትዬ ብቻቸውን ነጠላቸውን ተከናንበው ሳሎን ተቀምጠዋል። ከመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ጠፍቶብኝ ቀና ብዬ ሳይ፣ ሁለት ጣቱ ክፍተት በአሮጌ የሹራብ እጅጌ ድፍን ብሏል። አውጥቼ እጄ ላይ ያዝኩት። እትዬ አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። «ለሌሊት አወጣዋለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ ሌሊት እኮ ነው የሚያስፈልገው።»

«አውቄያለሁ አልኩህ» አሉና እጅጌውን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ አጥፈው ጉልበታቸው ሥር አስቀመጡት።